በስቱኮ ውስጥ የቀረ እጅ

ቴክሳስ፣ ሜስኪት በምትባል ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ የምኖረው ከባልና ሚስት ጋር ነው። ባልየውን ጋሼ እላቸዋለሁ። ሚስቲቱን እትዬ ብዬ በአንቱታ ማናገር ስጀምር ግን፣ "እባክሽ አሜሪካ ላይ አታስረጂኝ፤ አንቺ በይኝ" ብላ ከለከለችኝ። የምትሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ስታነሳና ስታስተኛ ስለምትውል እርጅና የሚባል ነገር ቤቷ ድረስ እንዲከተላት አትፈልግም።

ጋሼን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እጃቸውን ነው። ቁመታቸው መካከለኛ፣ ትከሻቸው ጠባብ ነው። እጃቸው ግን የሌላ፣ የግዙፍ ሰው እጅ ነው። ስልክ ሲያነሱ ስልኩ አይታይም። ቤተ ክርስቲያን ጸበል ሲታደል፣ "እርስዎ ኩባያ ምን ያደርግልዎታል፣ መዳፍዎን ይዘርጉ እንጂ" የሚላቸው አይጠፋም። ጉርሻቸው በሰፈሩ ሐበሻ ዘንድ የታወቀ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እትዬ ቀድማ ታስጠነቅቃለች፤ "አፍሽን በደንብ ክፈቺ የኔ እህት፤ አለዚያ በአፍንጫሽ ነው የሚገባው።"

እኔ የምሠራው ግራንድ ፕሬሪ፣ መጋዘኖች መሃል ያለ የተኩስ መለማመጃ ቤት ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ኤርፖርት ዊልቼር ገፍቻለሁ፣ ማኪኒ ድረስ እየነዳሁ ልጅ ጠብቄአለሁ፣ ካርቶን አሽጌአለሁ፤ አንዱም ላይ አልረጋሁም። እዚህ የገባሁት ቀለህ ለመጥረግ ነበር። ከተተኮሰ በኋላ የሚፈናጠረው የናስ ቀለህ ወለሉን ይሞላዋል፤ ሲጠረግ የሚያሰማው ድምፅ እንደ ጸናጽል ነው። ግጥም እወዳለሁ፤ ያስተማረኝ ባይኖርም ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። እዚያ ቤት ያቆየኝ ያ ድምፅ ይመስለኛል።

የመሣሪያ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ አንድ የቴክሳስ ሽማግሌ አለ። የጥበቃ ሠራተኞችን አሠልጥኖ የሚፈትነውም እሱ ነው። መጥረጊያዬን ይዤ አጠገቡ መቆም ሳበዛ፣ አንድ ቀን መጥረጊያውን ተቀብሎ ግድግዳ አስደገፈና ትንሽ መዶሻ ሰጠኝ። ሽጉጥ ልክ እንደ ጫማ ቁጥር እንዳለው ያስተማረኝ እሱ ነው። እጁ ትልቅ የሆነ ሰው ቀጭን እጀታ ሲይዝ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ያለው ሥጋ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲተኩስ ወደ ኋላ የሚሮጠው የላይኛው ብረት ያን ሥጋ ይነክሰዋል። ሌባ ጣቱ ቃታው ላይ ከልክ በላይ ጠልቆ ይገባና ጥይቱን ወደ ጎን ይጎትተዋል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። በአዲሶቹ ሽጉጦች ላይ የእጀታው ጀርባ ይወልቃል፤ ትንሿን ፒን መትተህ ታወጣለህ፣ ወፈር ያለውን ጀርባ ታስገባለህ፣ ፒኑን ትመልሳለህ። ልኩ ሲገጥም ሰውየው አይናገርም። ዝም ይላል። ይህን ዝምታ መለየት ተምሬአለሁ።

ጋሼ ወደ መለማመጃው የመጡት ወደው አልነበረም። አንድ መጋዘን በራፍ ላይ ተቀምጠው የሚገቡና የሚወጡ መኪኖችን ይቆጣጠራሉ። ድርጅቱ በራፍ ላይ የሚቀመጥ ሁሉ መሣሪያ እንዲታጠቅ ወሰነ። የተኩስ ፈተናውን ካለፉ ወንበራቸው ላይ ይቆያሉ፤ ከወደቁ ወደ ውስጥ፣ ወደ ካርቶን ማንሳት ይመለሳሉ። ወገባቸው ደግሞ ከካርቶን ጋር ከተለያየ ቆይቷል። አንድ ክረምት ሙሉ አልጋ ላይ ውለው እትዬ እንደ መጦሪያው ሰዎች እየገለበጠች አጥባቸዋለች። ሦስት ጊዜ መሞከር ይፈቀድላቸዋል። ከዚያ በኋላ የለም።

በመጀመሪያው ፈተና ቀን ሽማግሌው የገዛ ሽጉጡን አዋሳቸው። አሮጌ፣ የተወለወለ፣ የሚወደው ሽጉጥ ነው፤ ለሌላ ሰው ሲሰጥ አይቼው አላውቅም።

"ይመችሃል?" አላቸው።

"ቬሪ ጉድ" አሉ ጋሼ።

መስታወቱ ማዶ ሆኜ አያለሁ። ጥይቱ ዒላማው ወረቀት ላይ የትም የትም ይሄዳል። ተኩሰው ጨርሰው ሲወጡ ቀኝ እጃቸውን ከኋላቸው ደብቀዋል፤ ደሙ ግን በጣታቸው ጫፍ እየተንጠባጠበ ይከተላቸዋል። ብረቱ ያን ሥጋ ሁለት ቦታ ቀዶታል፤ እባብ የነደፈው ይመስላል።

ሽማግሌው ደነገጠ። "ሰውዬ! ለምን አልነገርከኝም?"

ጋሼ ወደ እኔ ዞር ብለው በአማርኛ፣ "የራሱን አውሶኝ ጠበበኝ ልበለው? ሰው ቤት ተጋብዘሽ ወንበራችሁ ይጎረብጣል ትያለሽ?" አሉኝ።

"ምን አለ?" አለኝ ሽማግሌው።

"አመሰግናለሁ ነው የሚሉህ።"

ለሁለተኛው ፈተና ከመለማመጃ ቤቱ ሽጉጦች አንዱን መርጬ፣ ካሉት ጀርባዎች ወፍራሙን ገጠምኩለት። ንክሻው ቀረ። ጣታቸው ግን አሁንም ከቃታው አልፎ ይሄዳል። ለማለፍ ትንሽ ጎደላቸው። ሽማግሌው ውጤቱን ሲነግራቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ወደ መኪናው ስንሄድ እጃቸውን በኪሳቸው ለመክተት ሞከሩ። አልገባላቸውም።

ከዚያ በኋላ ነው የራሳቸውን ሽጉጥ ገዝተው የመጡት።

መለማመጃው ቤት የደረሱት በምሳ ሰዓት ነበር። በቀደመው ቀን ከሥራ ሲመለሱ አንድ ፓውን ሾፕ በር ላይ ፓርክ አድርገው፣ ለምን እንደገቡ ሳያውቁት ገቡ። ሰው መሣሪያና ወርቅ አስይዞ የሚበደርበት፣ ያልተመለሰው ዕቃ ደግሞ የሚሸጥበት ሱቅ ነው። መስታወቱ ሥር ከተደረደሩት ሽጉጦች አንዱ እጀታው ወፍራም፣ የጎማ ሽፋን የለበሰ ነበር። ያዙት፤ የያዙትንም ገዙ።

"ሌሎቹን የምጨብጣቸው እኔ ነበርኩ" አሉኝ። "ይሄኛው ግን ጨበጠኝ።"

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

መለማመጃው ውስጥ አስገባኋቸው። የጥይት ካዝናውን አጉርሰው፣ ቆም ብለው፣ መተኮስ ጀመሩ። ዒላማውን በገመዱ ስስበው ወረቀቱ መሃል አንድ የተቀደደ ቀዳዳ ብቻ ነበር፤ ጥይቶቹ ሁሉ በዚያ አልፈዋል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ወረቀቱን ሳይሆን እጃቸውን ነበር ሳይ የቆየሁት። ልክ ሲገጥም ሰው ዝም ይላል ብያለሁ፤ ጋሼም ዝም ብለዋል። ዝምታቸው ግን ሰው ሲያናግራቸው የሚያዳምጡትን ዓይነት ነበር።

"እስኪ ይስጡኝ" አልኳቸው።

ካዝናውን አውጥቼ፣ ከፍቼ፣ ባዶ መሆኑን በዓይኔም በጣቴም አረጋግጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የጎማውን ሽፋን እንደ ካልሲ ወደ ታች ጠቀለልኩት። ከሥሩ እጀታው በግራጫ ስቱኮ ተለብጧል፤ ጋራዥ ውስጥ የተጨረመተ መኪና የሚሞላበት ዓይነት ስቱኮ ነው። ስቱኮው ሳይደርቅ አንድ ሰው ጨብጦታል። የጣቶቹ ጉድጓድ፣ የመዳፉ መስመሮች፣ የጣት አሻራው ክብ ክብ ሳይቀር እንዳለ ቀርቷል። አንድ ቦታ ላይ አጭር ቀይ ፀጉር ተጣብቆ ደርቋል።

ትልቅ እጅ ነበር። የጋሼን ያህል። ከቃታው ሥር ግን የጣቶቹን ጉድጓድ በጣቴ ስዳስስ፣ ሁለት ብቻ ናቸው። ማርያም ጣት፣ ትንሿ ጣት፣ መሆን ያለባት ቦታ ላይ ስቱኮው ጉድጓድ የለውም። ሹል ጠርዝ ብቻ ነው ያለው።

ሽማግሌውን ጠራሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሽጉጡን ወደ መብራቱ አስጠጋው።

"ጎበዝ ሰው ነው" አለ። "እስኪደርቅ ድረስ ሳይነቃነቅ ይዞት ተቀምጧል። ትንሿ ጣቱ የለችም። ሌላው ሁሉ የተስተካከለው ለዚያ ነው።"

"ታዲያ እንዲህ ደክሞበት ለምን ሸጠው?"

"እንዲህ ያለውን ሰው ራሱ አይሸጥም" አለ ሽጉጡን እየመለሰልኝ። "ሌላ ሰው ይሸጥለታል።"

ጋሼ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። "ሞቷል ነው የሚለው?"

"አላለም።"

"አላለም። ግን ነው የሚለው።"

ስቱኮውን ፍቄ ላንሳው፣ በልክዎ አዲስ ልሥራልዎት ብዬ ለመንኳቸው። የዒላማውን ወረቀት አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። "ካለፍኩ በኋላ እንዳሻሽ ፍቂው" አሉ። "አሁን ግን አትንኪብኝ።"

ሽማግሌው ባዶውን ሽጉጥ በየቀኑ እየያዙ እጃቸውን እንዲያለማምዱ መክሯቸው ነበር። ከሥራ ሲመለሱ የጋራዡን በር እስከ ወገብ ከፍተው፣ ግድግዳ ላይ በሣሉት ነጥብ ፊት ለፊት ይቆማሉ። አመሻሽ ላይ ከማዶ ባለው ሱፐርማርኬት ያሉት የመብራት ሽቦዎች በጥቋቁር ወፎች ይሞላሉ፤ የዛገ የበር ማጠፊያ እንደሚከፈት ይንጫጫሉ። ጋሼ ጓንት እንደለበሰ ሰው ቀኝ እጃቸውን እያዩ ቃታውን ይስባሉ፤ ቀጭ። ይመልሱታል፤ ቀጭ። እኔ በኩሽናው በር በኩል አያቸዋለሁ። ማርያም ጣታቸው እጀታው ላይ ቦታ ስለሌላት ወደ መዳፋቸው ታጥፋ ትቀመጣለች።

ከጥቂት ቀን በኋላ መኪና ሲነዱም ታጥፋ አየኋት። ከዚያ የሻይ ብርጭቆ ሲይዙ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲጨብጡ። ልማድ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ልማድ መሆኑንም አልጠራጠርም ነበር። ግን በግራ እጃቸውም አየሁት። ግራ እጃቸው ደግሞ ሽጉጡን በዚያ መልክ ይዞ አያውቅም።

እትዬ ያስተዋለችው በጉርሻ ነው። አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ ሦስታችንም ተቀምጠን ጋሼ ጠቅልለው አጎረሷት። አላመጠችም። ጉርሻውን በጉንጯ ይዛ አየቻቸው።

"ትንሽ ነው" አለች ከዋጠች በኋላ።

"ምኑ?"

"ጉርሻው። ሠላሳ ዓመት አንቀኸኝ ዛሬ ምን አራራህ? ደግሞ ማርያም ጣትህን ለማን ደብቀህ ነው?"

"አልደበቅሁም።"

"ይኸዋ! አንቺ፣ እያየሽ አይደል? ዘርጋት እስኪ።"

ዘረጓት። ስትዘረጋ ዘገየች፤ ሌሎቹ ጣቶች ቀድመው ቆሙ፣ እሷ በኋላ መጣች። እትዬ ሳቀች፤ ሳቋን ግን አልጨረሰችውም።

በማግስቱ ትኩስ ድስት ከምድጃ ሲያወርዱ አጠገባቸው ነበርኩ። ጨርቁ ተንሸራቶ ማርያም ጣታቸው ብረቱ ላይ ተለጥፋለች። መጀመሪያ የተሰማኝ ሽታው ነው።

"ጋሼ! ጣትዎ! ድስቱ ላይ!"

"የትኛው?" አሉኝ።

ቁጣ የለም፣ ሕመም የለም። ዞር ብለው ከልብ ነው የጠየቁኝ። ድስቱን ሲያስቀምጡ ማርያም ጣታቸው ጎን ነጭ ሆኖ ተልጧል። ቀዝቃዛ ውሃ ስር ይዘው የሌላ ሰው ቁስል እንደሚያይ ሰው አዩት። ከብዙ ቀን ጀምሮ ጣቷ ስሜት እንደሌላት ያን ጊዜ ነው የነገሩን።

"ነርቭ ነው" አለች እትዬ። በሥራዋ ብዙ አይታለች። "ያ ጠርዝ ተጭኖት ነው። ሐኪም ጋ ትሄዳለህ።"

"ከፈተናው በኋላ።"

"ጣትህ ትቆረጥና ያኔ ደግሞ ሽጉጡ ልክህ ይሆናል!"

አፏን ያዘች።

የንስሐ አባታቸውን ኮል አደረገች። አባ በአዘቦት ቀን ኤርፖርት ቫን ይነዳሉ፤ የመጡትም በቫኑ ነው። ቡራኬ ሰጥተው እንደተቀመጡ ጋሼ ሽጉጡን በፎጣ ጠቅልለው አመጡት።

"አባቴ፣ ይባርኩልኝ።"

"ምኑን?"

"ይሄን።"

አባ ፎጣውን በአንድ ጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩና መልሰው ሸፈኑት። "ብረት አልባርክም፤ አልተጠመቀም" አሉ። "እጅህን አምጣ።" መስቀላቸውን በተላጠችው ጣት ላይ አሳርፈው ረዥም ጸሎት አደረሱ። ጋሼ መስቀሉን ሲሳለሙ፣ "ቀዘቀዘህ?" አሏቸው። ጋሼ አንገታቸውን በአሉታ ነቀነቁ። አባ ፊታቸው ተለወጠ። ሲወጡ እትዬን በር ላይ ለብቻዋ፣ "ጣቱን በጸበል እሺልኝ፤ ያንንም ዕቃ ቢሆን ጸበል ይንካው" አሏት።

እትዬ ነገርን በግማሽ አትሠራም። ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን የጸበል ጄሪካን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ባለው ትልቅ ሳፋ ውስጥ ገለበጠችው፤ ሽጉጡን ከነጎማው ከተተችው፤ በላዩ ነጠላ ዘረጋችበት። ጋሼ ለልምምዳቸው ሲጠይቋት "እኔ ጋ ነው፤ ጣትህ ይረፍ" አለቻቸው። የሆነውን ያወቅሁት ረቡዕ ጠዋት፣ ልብስ ላጥብ ስገባ ነው። ፈተናው ሐሙስ ነበር።

ነጠላውን ሳነሳ ውሃው ቀላ ብሏል።

"እትዬ! ምን አደረግሽ?"

"አባ ጸበል ይንካው አሉ።"

"ይንካው አሉ እንጂ ይስጠም አሉ?"

"መንፈስ ከላይ ከላይ ብቻ ይታጠባል እንዴ?"

ቀላ ያለው ዝገት ነበር። መሆኑን አውቃለሁ፤ እጄን ለመክተት ግን ጥቂት ጊዜ ፈጀብኝ። አውጥቼ ባዶ መሆኑን አየሁ፣ ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አነጠፍኩ፣ ፈታታሁት። ብረቱን አድርቄ፣ ዝገቱን ፈግፍጌ፣ ዘይት ቀባሁት። ጋሼ ከሥራ ፈቃድ ወስደው ነበርና ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ሁሉም ነገር ያበቃ መስሏቸዋል።

ጎማውን አውልቄ እጀታውን ስጠርግ ነው የሆነው። ጸበሉ በስቱኮው ሥር ገብቶ ኖሮ፣ ስቱኮው በአንዴ ለቀቀ። አልተሰበረም። የእጅ ቅርጹ በሙሉ፣ እባብ እንደጣለው ቆዳ፣ እንዳለ ወልቆ መዳፌ ላይ ተቀመጠ። ከቀዝቃዛ ውሃ ነው የወጣው። ግን ሞቅ ያለ ነበር። የገዛ እጄ ሙቀት ይሆናል ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ ትንሽ ቆይቼ እንደገና ነካሁት፤ አሁንም ሞቅ ያለ ነው።

እትዬ አላስጨረሰችኝም። በነጠላዋ ጫፍ አንስታ፣ ጠቅልላ ወሰደችው። የት እንዳደረገችው አልጠየቅኋትም።

"ሶ አሁን ምን ይሁን?" አሉ ጋሼ ባዶውን እጀታ እያዩ። "በዚህ ከሆነ ያው እንደ ሁለተኛው ፈተና ነው። እወድቃለሁ።"

"በእርስዎ እጅ እንሠራዋለን።"

ከመኪና ዕቃ መሸጫ ስቱኮ ገዝቼ ተመለስኩ። ካርቶን ላይ አቦካሁት፤ ማጠንከሪያው ሲገባ ቶሎ ይደርቃል። እጀታውን በቀጭኑ ለበጥኩት፤ ጀርባውን አወፈርኩ፣ ጣታቸው ከቃታው እንዳያልፍ። የላይኛውን ብረት ለይቼ ሌላ ክፍል አስቀምጬዋለሁ፤ የሚይዙት ባዶውን አካል ነው።

"አሁን ይጨብጡ። እስኪደርቅ አይነቃነቁ።"

ጨበጡ። ሌሎቹ ጣቶች ቦታቸውን አወቁ። ማርያም ጣት ተመልሳ ታጠፈች።

"ጋሼ፣ ያውጧት።"

"ወጥታለች።"

"አልወጣችም።"

አዩዋት። ግንባራቸው አላበው። "አላገኛትም" አሉ በዝግታ። "የኔ ልጅ፣ የት እንዳለች አላገኛትም።"

ስቱኮው እየጠነከረ ነበር። ተነስቼ ከጎናቸው ተንበረከክሁና ጣቷን በሁለት ጣቶቼ ይዤ ከመዳፋቸው ፈለቀቅኋት፤ እርጥቡ ስቱኮ ላይ ተጭኜ ያዝኳት። ከሌሎቹ ጣቶች ትቀዘቅዛለች። ይህን እያሰብኩ ሳለ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ጮኸ። በወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የሚሞከረው ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ማንም አይደነግጥም። ከሁሉም አቅጣጫ ተነስቶ ቤቱን ሞላው። ያን ጊዜ ነው ጣቷ በጣቶቼ ሥር የሳበችው። ተጎተተች፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ መዳፋቸው። ጋሼን ቀና ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ውዳሴ ማርያም እየደገሙ ነበር። እጃቸው ሌላ ቦታ ያለ ይመስል አንድም ጅማት አልተወጠረም። ጣቷ ግን ትስባለች። በሁለት እጄ ያዝኳት። ሳይረኑ እየወረደ ሲሄድ እሷም ላላች። ስቱኮው ደርቆ ነበር።

እጃቸውን ሲያላቅቁ አዲሱ እጀታ ላይ፣ ከቃታው ሥር፣ ሦስቱም ጣቶች አሉ። በትንሿ ጉድጓድ ግራና ቀኝ የእኔ ጣቶች ጫፍ ታትሟል።

ሐሙስ ጠዋት ሽማግሌው ሽጉጡን መረመረ፣ እጀታውን አገላብጦ አየ፣ እኔን አየና ለጋሼ መለሰላቸው። ሦስተኛው፣ የመጨረሻው ፈተና ነው። ሌላ ተፈታኝ አልነበረም፤ ከጋሼ ግራና ቀኝ ያሉት ቦታዎች ባዶ ናቸው። እትዬ የሥራ ሽፍቷን ቀይራ መጥታ መስታወቱ ጋ አጠገቤ ቆማለች። የጆሮ መከለያ አድርጋ እንኳ ጥይት በጮኸ ቁጥር ትሸማቀቃለች።

እኔ ዒላማውን አላየሁም። የጋሼን ማርያም ጣት ነው የማየው። መጀመሪያ ቦታዋ ላይ ነበረች። ጥይቶቹ ሲተኮሱ ጋሼ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ እንደሚፈራ ሰው ይተኩሳሉ። ቀጥሎ ካዝና ሊቀይሩ ቆሙ፤ እንደገና ሲያነሱ ታጥፋ ነበር። ትከሻቸው ጸጥ አለ። አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ ሳይቸኩሉ። ከዚያ ጣቷ ተዘረጋች፤ መንቀጥቀጡም ተመለሰ። እንዲህ እየሄደች እየመጣች ጨረሱ።

እኔ ወደ ውስጥ ስገባ ሽማግሌው ወረቀቱን ስቦ አምጥቶ በብርሃን ያዘው።

"ከጎንህ ሰው ነበር?" አለ።

ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር ነበር። በሰፊው የተበታተኑ ቀዳዳዎች፤ አንዳንዶቹ ከክቡ ውጭ፣ አብዛኞቹ ውስጥ። ከእነሱ መሃል ደግሞ ጥይት በጥይት ላይ ያለፈበት አንድ የተቀደደ ጥቁር ስንጥቅ። ሁለት ሰው የተኮሰበት ይመስላል። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ቆጠረ፤ እንደገና ቆጠረ። ለጋሼ ከተሰጣቸው ጥይት አንድም አልበለጠም።

"አልፈሃል" አላቸው። "ስንጥቁ ባይኖር አታልፍም ነበር። ግን ወረቀቱ ያንተ ነው።"

እትዬ በመስታወቱ ማዶ ከንፈሩን አንብባ እልል አለች። ጋሼ ለሽማግሌው እጃቸውን ሰጡ። ሽማግሌው ሲጨብጣቸው ወደ እጃቸው አየ፤ ቀስ ብሎም ለቀቃቸው።

ውጭ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሳል። እትዬ መኪናዋን ልታመጣ ሄደች።

"ጣትዎ ሲታጠፍ ነበር" አልኳቸው። "ያውቁታል?"

"አውቃለሁ። ተሰምቶኛል።"

"ተሰማዎት?"

"ሕፃን ልጅ መንገድ ሲሻገር ጣትሽን እንደሚይዝሽ" አሉ። "እንደዚያ ተያዘች። አልጎዳኝም።" ማርያም ጣታቸውን ከፍ አድርገው አጠፏት፣ ዘረጓት። ፈገግ ለማለት ሞከሩ። "ቁስሉ አሁን ማቃጠል ጀምሯል። ደስ ይበለኝ አይደል? ግን ማንን ላመስግን?"

ሰኞ ወደ ሥራ ስሄድ በመጋዘናቸው በኩል አለፍኩ። ጋሼ በራፉ ላይ ናቸው። የተሰጣቸው ወንበር ሰፊ፣ መደገፊያ ያለው ነው፤ ለወገባቸው የሚሆን። አንድ ከባድ መኪና እስኪገባ ቆሜ ስለነበር በደንብ አየኋቸው። ወገባቸውን ሳይደግፉ፣ እንግዳ ሲመጣ እንደምናደርገው ወደ አንድ ጎን ጠጋ ብለው፣ የወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ሌላው ግማሽ ባዶ ነበር።